እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ በትዳር የመጣ ሥልጣንና በራስ ስም የቆመ መብት



ለዘንድሮው መጽሔታችን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን የሕይወት ታሪክ መርጠን አቅርበናል። ስማቸውን የማያውቅ ሰው የለም። የዓድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ስማቸው ይነሣል፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት ይማሩታል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ጦርነቱና ስለ ውጫሌ ውል ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በሌላ በኩል፣ ማለትም በትዳራቸው በኩል ልናያቸው ፈልገናል። ለምን ቢባል፣ እድር ማለት የቤተሰብ ማኅበር ነው። ባል ሲሞት ሚስት ምን ላይ ትቆማለች የሚለው ጥያቄ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ፊታችን የሚመጣ ነገር ነው። የእቴጌይቱ ሕይወት ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት አለበት።

በጽሑፋችን ውስጥ የአገራችንን ነገር በእኛው አቆጣጠር፣ የእንግሊዝን ነገር ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልን በነሱ አቆጣጠር ጽፈናል። እንግሊዝን ያነሣንበትን ምክንያት አንባቢ ቀጥሎ ያገኘዋል።

ልጅነታቸውና የፊት ትዳሮቻቸው

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን ናቸው። የሰሜኑና የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ሲሆኑ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ደግሞ የአጎታቸው ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ከትልቅ ቤት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። አባታቸው ግን ገና በልጅነታቸው ሞቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሡም የእነ ውቤ ቤት ወደቀ። በጊዜው ቤት ሲወድቅ ሴቶች ልጆች የአሸናፊው እጅ ላይ ይወድቁ ነበር።

በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም እንደተማሩ ይነገራል። ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር፤ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ይኸ ምንም ላይመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ፊደል የቆጠረች ሴት፣ በመኳንንት ቤት እንኳ ቢሆን፣ በጣት የምትቆጠር ነበረች። ይህ ትምህርት ኋላ በቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቅ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

ትዳራቸው ግን እንደ ትምህርታቸው በፈቃዳቸው የሆነ አልነበረም። የመጀመሪያ ባላቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ መኮንኖች አንዱ ሲሆን፣ የተዳሩለትም ገና ልጅ ሳሉ ነው። ከዚያም ወዲህ፣ ዐፄ ምኒልክን እስኪያገቡ ድረስ፣ በድምሩ አራት ባሎች እንዳገቡ ይነገራል። ከነዚህ አንዱ የወይዘሮ ባፈና ወንድም ዘካርጋቸው ነበሩ። ወይዘሮ ባፈና ደግሞ የንጉሥ ምኒልክ የፊት ባለቤት ነበሩ።

አንዳንድ ሰው የባሎቹን ቁጥር ሰምቶ ይደነግጥ ይሆናል። የዘመኑን ሁኔታ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የመሳፍንት ልጅ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ነበር። ምኒልክም ራሳቸው በወጣትነታቸው መቅደላ በግዞት ሳሉ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ ግን ሚስታቸው እዚያው ቀሩ። ውሉ ሲፈርስ ትዳሩም ይፈርሳል፤ ሜዳ ላይ የምትቀረውም አብዛኛውን ጊዜ ሴቲቱ ናት።

ሦስቱ ዓይነት ጋብቻ

የቀድሞውን ጋብቻ ታላላቆቻችን ያውቁታል፤ ለወጣቶች ግን ባጭሩ እንግለጸው። በክርስቲያኑ ዘንድ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ነበር። አንደኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። ይህ በቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ተቀብለው የሚፈጽሙት ሲሆን አይፈታም። ሁለተኛው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ይህ በሽማግሌና በዋስ ፊት የሚደረግ ውል ነው፤ ሊፈታ ይችላል። ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ሲሆን፣ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ የሚደረግ ነበር።

ከነዚህ ውስጥ በጣም የተስፋፋው ሰማንያ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ሚስት ከአባት ከእናቷ ያገኘችው ርስት የራሷ ነው፤ አግብታም ፈትታም ከእጇ አይወጣም። ባልየው እንዳሻው ሊሸጠው ሊለውጠው አይችልም። በደልም ከደረሰባት ዳኛ ፊት ቆማ ትሟገታለች።

ይህ በመርሕ ነው። በተግባር ግን ርስትና ዘመድ የሌላት ሴት ምኑን ትካፈላለች? ጭሰኛ አግብታ ወፍጮ ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት በፍቺ ቀን የምታገኘው እምብዛም ነው። ባሪያ ሆና ለተሸጠችው ሴት ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አይነሣም። በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው የተዳሩ ልጆችም ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ማር ወተት አድርገን ማውራት አይገባንም። ቢሆንም ባለርስት የሆነች ሴት በሕግ ፊት ሰው ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር

ነገሩን ለማነጻጸር ያህል እንግሊዝን እንይ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ በሀብትና በመርከብ የሚወዳደራት አልነበረም። ንግሥቷም ቪክቶሪያ ነበረች፤ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ገዛች። ሴት በዙፋን ላይ ተቀምጣለችና የእንግሊዝ ሴቶች ሁሉ መብታቸው የተጠበቀ ነበር ብሎ የሚገምት አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነበር።

በእንግሊዝ የቆየ ሕግ መሠረት ሴት ስታገባ በሕግ ፊት ከባሏ የተለየች ሰው መሆኗ ይቀራል። የያዘችው ገንዘብ፣ የሠራችበት ደመወዝ፣ ሁሉም የባል ይሆናል። በራሷ ስም ውል መዋዋል፣ መክሰስና መከሰስ አትችልም። ፍቺም ቢሆን እስከ 1857 እ.ኤ.አ. ድረስ ፓርላማ ለየሰዉ ሕግ ካላወጣለት በቀር ሙሉ በሙሉ መፋታት አይቻልም ነበር። በዚያ ዓመት የፍቺ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ሆኖም ባል ሚስቱን በዝሙት ብቻ ሲፈታ፣ ሚስት ግን ከባሏ ዝሙት ሌላ ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን የመሰለ ሌላ ጥፋት ማስረዳት ነበረባት።

የዘመኑ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ጽፈውበታል። ሻርሎት ብሮንቴ የምትባለው ደራሲ በ1847 እ.ኤ.አ. «ጄን ኤይር» የተባለውን መጽሐፍ ስታሳትም የሴት ስሟን ደብቃ በሌላ ስም ነው። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ድሃ አደግ አስተማሪ ሀብታሙን ሰውዬ ልታገባ ስትል ሰውዬው በሕይወት ያለች ሚስት እንዳለችው ይታወቃል፤ ልጅቷም ብትወደውም ትታው ትሄዳለች። የምትመለሰውም የራሷን ውርስ አግኝታ፣ የማንም ጥገኛ ሳትሆን ነው። ቶማስ ሃርዲ የተባለውም ደራሲ በ1886 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ታሪኩን የሚጀምረው አንድ የሰከረ ሰው በገበያ ላይ ሚስቱን በጨረታ ሲሸጥ በማሳየት ነው። እንዲያው ደራሲው የፈጠረው ነው እንዳይባል፣ ሚስትን አስሮ ገበያ አውጥቶ መሸጥ በእንግሊዝ ገጠር በእርግጥ ይደረግ የነበረ ነገር ነው።

ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ የሚፈቅደው የተሟላ ሕግ በ1882 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ይህን ዓመት እናስታውሰው። ጣይቱ ብጡል ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት በዚሁ ዓመት ነውና።

የአንኮበሩ ቁርባን

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ምኒልክና ጣይቱ በቁርባን ተጋቡ። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ከወይዘሮ ባፈና ጋር የነበራቸው ኑሮ ቁርባን ስላልነበረው መለያየት አላዳገታቸውም። የጣይቱ ግን በቁርባን ሆነ። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ቢጣሉ ቢኳረፉ፣ ሌላ አግቡ የሚላቸው ሰው ቢመጣ፣ በሕግ የሚሆን ነገር አይደለም። ልጅ ስላልወለዱ ይህ በተለይ ጠቅሟቸዋል። መሐን የምትባል ሴት ከቤት በምትባረርበት ዘመን፣ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤቱ እመቤት ሆነው ኖረዋል።

ለምኒልክም ጋብቻው ትልቅ ጥቅም ነበረው። የሸዋው ንጉሥ በጣይቱ በኩል ከሰሜን፣ ከጎንደርና ከየጁ መኳንንት ጋር ተዛመዱ። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡልም በየጁ ትልቅ ሰው ሆኑ። እንግዲህ ይህም ቢሆን ፖለቲካ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከዚህ ፖለቲካ ውስጥ እውነተኛ የሥራ ጓደኝነት በቀለ።

ከእንጦጦ ወርደው ፍልውኃ ይታጠቡ የነበሩት ጣይቱ፣ ቦታው ደስ ስላላቸው በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ለአካባቢውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡ። የአገራችን ዋና ከተማ የተቆረቆረችውና ስሟን ያገኘችው በሴት ወይዘሮ ነው። ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ በሁለተኛው ቀን ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው የእቴጌነት ዘውድ ደፉ።

ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ጓዳ ብቻ አልነበረም በእጃቸው ያለው። ርስት ነበራቸው፤ ግብር ይሰበስቡ ነበር፤ የራሳቸው ወታደርና ሹማምንት ነበሯቸው፤ የተበደለ ሰው ወደ እሳቸው አቤት ይል ነበር። በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚሆን ቤት አሠርተዋል። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል የተከፈተው በእሳቸው ነው። እንግዳን አብልቶ ገንዘብ መቀበል እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ፣ እቴጌይቱ ሆቴል ከፍተው የምግቡን ነገር ራሳቸው ይቆጣጠሩ ነበር። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ጉሊት ቸርችረው፣ ሻይ ቤት ከፍተው ልጆች ያሳደጉ የሠፈራችን እናቶች ሁሉ እቴጌይቱ የሙያ እናታቸው ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ውጫሌና ዓድዋ

ይህን ክፍል አንባቢ ስለሚያውቀው አናረዝመውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ሳይገጥም ቀረ። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በጣልያን በኩል ማድረግ ይቻላታል ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በ1883 ዓ.ም. የጣልያኑ መልክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል ሲመጣ፣ ጣይቱ በጉባኤው ተቀምጠው ተከራክረዋል። ምኒልክ በጠባያቸው ለዘብ ይሉ ነበር፤ እሳቸው ግን አንቀጹ ሳይሰረዝ ምንም ነገር እንዳይፈረም አጥብቀው ያዙ።

ጦርነቱም በመጣ ጊዜ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገው የጣልያን ጦር በጥይት አልደፈር ባለ ጊዜ፣ የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝ ሐሳቡን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ ምንጩንም የጠበቁት የሳቸው ሰዎች ናቸው። ምሽጉ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ላይ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ሆነው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ሲያስቀዱ፣ የሚያፈገፍገውን ሲያደፋፍሩ ውለዋል። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው ይባላል፤ በመቀሌና በዓድዋ ግን ውኃ የጦር መሣሪያ ሆነ። እኛ የቆላ ሰዎች፣ በሁርሶ ፀሐይ የኖርን፣ ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ማንም አያስተምረንም።

ለቪክቶሪያ የተላከ ድምፅ

ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ወዳጅነት ፈላጊ ሆነው መጡ። በ1898 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ፣ ማለትም በያኔው የድምፅ መቅጃ መሣሪያ፣ ለምኒልክና ለጣይቱ የሰላምታ ቃል ቀድታ ላከች። በተከታዩ ዓመት ምኒልክም ጣይቱም በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን ቀድተው ላኩ። ያ የሰም ቅጂ ተጠብቆ ስለቆየ የእቴጌይቱን ድምፅ ዛሬም መስማት ይቻላል።

ሁለቱ ሴቶች በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ሆኖም የሚያመሳስላቸውም የሚለያያቸውም ነገር ብዙ ነው። ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት በ1861 እ.ኤ.አ. ሲሞትባት አርባ ዓመት ያህል ጥቁር ለብሳ ኖረች፤ ሐዘኗ ግን ዙፋኗን አልነካባትም። ዘውዱ ከዘር የወረደላት የራሷ ነበርና ባል ኖረም ሞተም ንግሥት ናት። ሌሎች የአገሯ ሴቶች ግን መብት ሲጠይቁ እሷ ራሷ አልደገፈቻቸውም። በጣይቱ ላይ የደረሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከጋብቻ በፊት ዘርም ትምህርትም ነበራቸው፤ የእቴጌነት ዘውዱ ግን ከጋብቻ ጋር የመጣ ነው። ይህ ልዩነት ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

የወንድሞቻቸው ልጆች ጋብቻና የእኛ አካባቢ

በዚህ መካከል ስለ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ራሳቸው በልጅነት የተዳሩት ጣይቱ፣ ሥልጣን ሲይዙ የዘመዶቻቸውን ልጆች በዚያው መንገድ ዳሩ። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ከፈይን ለትግራዩ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ሰጡ። የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ደግሞ ከወንድማቸው ልጅ ከጉግሣ ወሌ ጋር አጋቡ። የሐረርጌው ገዢ ራስ መኰንን፣ የፊት ሚስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከሞቱ በኋላ፣ በ1893 ዓ.ም. ግድም የራስ ወሌን ሌላዋን ልጅ ምንትዋብን እንዲያገቡ ተደረገ። ልጅቱ ገና ልጅ ስለነበረች ጋብቻው ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረሰ።

በነዚህ ጋብቻዎች ሰሜንም ሸዋም ሐረርም በአንድ ገመድ ይታሰራሉ ተብሎ ነው። የገመዱ ቋጠሮዎች ግን ሴቶች ልጆች ነበሩ። እቴጌይቱን እናከብራለን፤ ይህን ግን ከታሪካቸው አንደብቅም። በዚያው ዘመን ማለትም በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ ጦቢያ የተባለችውን ልጅ የወንድ ልብስ አልብሶ ከአባቷ ጋር በየአገሩ ያንከራትታታል። ሴት ልጅ በሴትነቷ መንገድ መሄድ እንደማትችል ደራሲውም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስለ አካባቢያችን ካነሣን፣ የባቡሩም ነገር በዚሁ ዘመን የሆነ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያም ብዙ ዓመት ቆሞ ቆይቶ፣ በእኛው በሁርሶ በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ ስም ያወጡላት ከተማ ባቡር ሲገባ እሳቸው እንጦጦ ላይ በግዞት ነበሩ።

በሽታውና ውድቀቱ

ዐፄ ምኒልክን በሽታው በተደጋጋሚ መታቸው፤ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ መናገርም መንቀሳቀስም እያቃታቸው ሄደ። የአገሩ ሥራ ደግሞ አይቆምም። ጣይቱ ሹም ሽረት ጀመሩ፤ ደብዳቤ በእሳቸው እጅ ይወጣ ነበር። በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የተባሉት ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩ። የሸዋ መኳንንትም ማጉረምረም ያዙ። አቤቱታቸው ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም፤ እቴጌይቱ የሹመቱን ቦታ ለሰሜን ዘመዶቻቸው እያደሉ ነው የሚል ነበር። ግን ወንድ ገዢ ዘመዱን ሲሾም ማን ያጉረመርማል? ያስቆጣቸው ሹመቱ ብቻ አልነበረም፤ ሿሚዋ ሴት መሆኗም ጭምር እንጂ።

በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው ጦር አድመው፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ሥልጣኑ ለእንደራሴው ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሆነ። አገር ሲቆረቁሩ፣ ውል ሲከራከሩ፣ ጦር ሲመሩ የነበሩት ሴት፣ በአንድ ቀን ወደ አስታማሚነት ተመለሱ። ማስታመሙን አላጎደሉም። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከአልጋው ሥር አልተለዩም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ አረፉ። የንጉሡ ሞት ለሕዝብ አልተነገረም፤ እንደ ወጉ ድንኳን ተጥሎ፣ እንባ ፈስሶ፣ ሙሾ ወርዶ አልተለቀሰላቸውም። ሚስት ባሏን በአደባባይ አልቅሳ መቅበር እንኳ ተነፈገች። ለእኛ ለእድርተኞች ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ሰው የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅስለታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ይህን አጡ። ብዙም ሳይቆይ ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። በማርያም ደብር አጠገብ፣ ዘውድ በደፉበት ቦታ፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በጸሎት አሳለፉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። ዘውዱ በአባት የመጣ የራሳቸው ነውና፤ ሴት ብትሆንም ተሰጣቸው። ነገር ግን ባላቸው ራስ ጉግሣ የጣይቱ የወንድም ልጅ በመሆናቸው፣ የቤተ መንግሥቱ መኳንንት ሥልጣኑ ወደዚያ ወገን እንዳይሄድ ፈርተው ንግሥቲቱን ከባላቸው ለዩአቸው። እስቲ አስተውሉት፦ ጣይቱ ባላቸው ሲሞት ሥልጣኑን አጡ፤ ዘውዲቱ ሥልጣኑን ሲያገኙ ባላቸውን አጡ። ለመንገሥ ሚስቱን ፍታ የተባለ ወንድ ግን አልሰማንም።

ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የደፉት የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ ዐረፉ። አሁን አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ከምኒልክ ጋር ይገኛል። ከመሞታቸው አምስት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ፣ በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ የሆነና የንብረት መስፈርት የሚያሟሉ ሴቶች ለፓርላማ ድምፅ እንዲሰጡ ሕጉ ጸድቆ ነበር። ቪክቶሪያ በሕይወቷ ያልደገፈችው ነገር፣ ጣይቱ በሞቱበት ሳምንት ተፈጸመ።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ሴት በትዳሯ ብትከበር መልካም ነው፤ ክብሯ በባሏ ትንፋሽ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ትንፋሹ ሲቆም ክብሩም ይቆማል። በእቴጌ ላይ የደረሰ በጎረቤታችን በእነ እንትና ቤት አይደርስም ማለት አይቻልም።

ሕጉ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ወስኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። በትዳር ዘመን የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ቤት ለመሸጥም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚሹ ሙስሊም ወገኖቻችንም በሁለቱ ወገን ፈቃድ ይህን ማድረግ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም እንዲሁ የሚስቱ ወራሽ አይደለም። የምታገኘው የጋራ ሀብቱን ግማሽ ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን የገዛ ድርሻዋ ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ሚስት መሆኗን፣ ሀብቱም በትዳር ዘመን የተፈራ መሆኑን ማስረዳት ሊኖርባት ይችላል። ወረቀት የሌላት ሴት ከአርባው ሳይወጣ ከባል ዘመዶች ጋር ሙግት ትገጥማለች። ስንቱን ቤት በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ ለአባሎቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጋብቻችሁን በቀበሌ አስመዝግቡ፤ በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት የተጋባችሁም ብትሆኑ። ሁለተኛ፣ የቤት ካርታም ሆነ የባንክ ደብተር በአንድ ሰው ስም ብቻ አይቅር። ሦስተኛ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የሚስት ስም ከባል ስም ሥር እንደ ጥገኛ ሳይሆን ከጎኑ በሙሉ ስሟ ይጻፍ፤ በስብሰባም እጇን አውጥታ ድምፅ ትስጥ። ሠፈራችን የባቡር ሠራተኞችና የወታደሮች ሠፈር ሆኖ የኖረ ነው። ባል በዘመቻ ወይም በመሥመር ላይ ሲሰነብት ልጅ ያሳደገችው፣ የእድሩን መዋጮ የከፈለችው፣ ለለቅሶ ቡና ያፈላችው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። የከፈለችበት መዝገብ ስሟን ቢይዝ ምን ይጎዳል?

እቴጌ ጣይቱ የሁሉንም ነገር ስም ሲያወጡ ኖረው፣ በመጨረሻ የራሳቸው ስም ከባላቸው ተነጥሎ እንዲቆም አልተፈቀደላቸውም። ለሚስቶቻችንና ለሴቶች ልጆቻችን ይህን መፍቀድ የኛ ፈንታ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትንም አባሎቻችንን ሁሉ ነፍስ ይማር።